የዕለት ጉዞና የከተማ አየር፤ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ሁኔታ ላይ የቀረበ ሒስ

ከጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ሐሳብ በከተማችን እንደ ጸና እውነት ተቈጥሮ ሲነገር እንሰማለን። በዚያ ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በቡና ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በራሳችንም የምግብ አዳራሽ «እንግዲህ ጭሱ ቀረ፤ ለአየሩም መላ ተገኘለት» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። ከእኛ ከተማሪዎች መካከልም ተመርቀው ሥራ ሲይዙ የመጀመሪያ ቁጠባቸውን ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለማዋል ያሰቡ፣ ይህንንም ለአገርና ለአየር እንደሚደረግ በጎ ሥራ የሚቈጥሩ አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሐሳብ መመርመር ነው። አቅራቢው የኤሌክትሪክን መኪና የሚነቅፍ አይደለም፤ የሚነቅፈው ጥያቄው ሁሉ ስለ ሞተር ብቻ እንዲሆን መደረጉን ነው። የሰው የዕለት ጉዞ በአየርና በምድር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ ይኸውም አንደኛ በርቀቱ፣ ሁለተኛ በአንድ ተሽከርካሪ አብረው በሚሄዱት ሰዎች ብዛት፣ ሦስተኛ ተሽከርካሪው በሚነዳበት ኃይል ነው። ሦስተኛውን ብቻ ለይቶ ማሻሻልና ሁለቱን እንደ ነበሩ መተው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የተባለውን ያስታውሰናል። ምሳሌዎቹን የምንወስደው ከቦሌና ከከተማው ምሥራቅ ነው፤ ምክንያቱም የአውሮፕላን ማረፊያው፣ የቀለበት መንገዱ፣ የምድር ባቡሩና ትልልቆቹ የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች በዚህ በኩል ስለሚገኙ ከእግረኛው ጀምሮ እስከ ባለአውቶሞቢሉ ድረስ ሁሉም ዓይነት ተጓዥ እዚህ ይታያል።

ሀ. የሐሳቡ መልካም ጎን

አንድን ሐሳብ ከመንቀፍ በፊት ብርቱ የሆነውን ክፍሉን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎግራም ያህል፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 2.7 ኪሎግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ የምድርን ሙቀት ከሚያሳድጉት ዋነኛው ነው። በሌላ በኩል የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብም ይህን ኃይል በብዙ አሳድጎታል። በድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ በሚያመነጩ አገሮች የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጭሱን ከማርሚታው ወደ ኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ ሲያዛውር፣ በእኛ አገር ግን በአብዛኛው ከሥሩ ያስቀረዋል። ነዳጅም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ ጥቅሙ ለአየር ብቻ አይደለም።

ከዚህም በላይ የከተማችን መንገድ በአሮጌ መኪና የተሞላ መሆኑን ማንም አይክድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ እስኪጥል ድረስ፣ በሌላ አገር ያገለገለ መኪና ወደዚህ ማስገባት የተለመደ ንግድ ነበረ። በመገናኛ አደባባይ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ አፍንጫውና ጉሮሮው ይበቁታል። ይህን ሁሉ የሚክድ ሒስ ሒስ አይባልም።

ለ. መኪና መቁጠርና ሰው መቁጠር

ይሁን እንጂ ነገሩን በሒሳብ ስንመለከተው ሌላ መልክ ይይዛል። ለምሳሌ አሥር ኪሎሜትር የሚሄዱ ሦስት ሰዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው በመቶ ኪሎሜትር አሥር ሊትር ቤንዚን በሚጨርስ አውቶሞቢል ብቻውን ይሄዳል፤ ስለዚህ ድርሻው 2.3 ኪሎግራም ነው። ሁለተኛው ለዚሁ ርቀት 1.2 ሊትር ናፍጣ በሚፈጅ ሚኒባስ ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ይሄዳል፤ ጠቅላላው 3.2 ኪሎግራም ሲሆን ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 270 ግራም ያህል ይደርሰዋል። ሦስተኛው አራት ሊትር ናፍጣ በሚፈጅና ስድሳ ሰው በጫነ አውቶቡስ ይሄዳል፤ የእርሱ ድርሻ 180 ግራም ነው። በዓመት 250 የሥራ ቀን ደርሶ መልስ ቢሄዱ ባለአውቶሞቢሉ 1,150፣ የሚኒባሱ ተሳፋሪ 135፣ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ 90 ኪሎግራም ያወጣሉ ማለት ነው። የነዳጁ መጠን እንደ መኪናው ዕድሜና እንደ መንገዱ መጨናነቅ ሊለዋወጥ ይችላል፤ የሦስቱ ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም።

እዚህ ላይ ሁለት ጉዳቶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የምድርን ሙቀት የሚያሳድገው ጋዝ አንድ ነገር ነው፤ ሳንባ የሚያጠቁረው የናፍጣ ጥላሸት ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ጭስ የሚተፋው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በሁለተኛው በኩል በደለኛ ነው፤ በመጀመሪያው በኩል ግን ብቻውን ከሚነዳው ሰው ይልቅ የእርሱ ተሳፋሪ ንጹሕ ነው። መንገደኛው ሁሉ ግን በዓይኑ የሚያየውን ጭስ ይረግማል እንጂ የማይታየውን አይመዝንም። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ሞተር መጀመሪያ ሊገባ የሚገባው ከማን ዘንድ ነው? አንድ ሞተር ተለውጦ የአሥራ ሁለት ወይም የስድሳ ሰው ጉዞ የሚነጻው በሚኒባሱና በአውቶቡሱ ነው። በግል አውቶሞቢል ግን አንድ ሞተር ተለውጦ የሚነጻው የአንድ ሰው ጉዞ ብቻ ነው። አዲሱ ሐሳብ ግን በሰዎች አእምሮ ውስጥ የተሣለው በግል አውቶሞቢል መልክ ነው።

ሐ. በኋላ የቀረው ሚኒባስ

ሁለተኛው ነገር የመንገድ ቦታ ነው። ስድሳ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየአውቶሞቢላቸው ቢወጡና እያንዳንዱ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር ሰባት ሜትር ቢይዝ፣ ሰልፉ 420 ሜትር ይረዝማል። እነዚሁ ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ቢሳፈሩ ከአሥራ ሁለት ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቦታ ይይዛሉ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሞተሩ ቤንዚን ይሁን ኤሌክትሪክ ለውጥ የለውም፤ ጭስ የሌለው አውቶሞቢልም ጭስ እንዳለው ሁሉ መንገድ ይዘጋል።

ከዚህ አንድ ያልታሰበ ውጤት ይወለዳል። ከቦሌ ወደ መገናኛ ወይም ከሀያ ሁለት ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቢበዙና ሰልፉ ቢረዝም፣ ከኋላቸው የቆመው አሮጌ ሚኒባስ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። አምስት ደቂቃ የነበረው መንገድ ሀያ ደቂቃ ሲፈጅ በነጻ ከሚባክነው ናፍጣ የሚወጣው ጭስ የማን ነው? በልማድ የምንወቅሰው ሾፌሩንና ወያላውን ነው፤ በእውነቱ ግን ከፊቱ ብቻቸውን ተቀምጠው መንገዱን የያዙት ሁሉ ተካፋዮች ናቸው። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ አውቶሞቢል ባለቤት «እኔ ጭስ የለኝም» ቢል ግማሽ እውነት ተናግሯል። የጎማና የፍሬን ብናኝ፣ ለባትሪውና ለአካሉ መሥሪያ የወጣው ኃይል፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የሚቆምበት ሥፍራም ከሒሳቡ ውጪ የሚቀሩ አይደሉም።

መ. ስለ ርቀት

ሦስተኛው ነገር፣ በእኔ አስተያየት ዋነኛው፣ ርቀት ነው። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሥራ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲጀመር የሙከራው ሕንፃ የተሠራው በቦሌ ገርጂ ነበረ። ገርጂ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከመሀል ከተማ እጅግ የራቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ትልልቅ ሠፈሮች ግን ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ እየራቁ ሄዱ። ቤቱ ሲርቅ ሥራው አብሮ አልሄደም፤ መሥሪያ ቤቶቹ፣ ትልልቁ ገበያ፣ ከፍተኛ ሆስፒታሎችና ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች አሁንም ያሉት በካዛንችስ፣ በፒያሳ፣ በሜክሲኮ፣ በመርካቶና በአካባቢያቸው ነው። በቦሌ አራብሳ የሚኖር ሠራተኛ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ተሰልፎ ወደ ጎሮ ወይም ወደ መገናኛ ይደርሳል፤ ከዚያም ሌላ ሰልፍ ይይዛል። ማታም እንደዚሁ ነው።

በዚህ ዓይነት የሚወጣው ጭስ የተወሰነው ሰውዬው ቤቱን በቁልፉ በከፈተበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመርጠው ብዙ ነገር የለውም። «የዕለት ጉዞአችንን እናሻሽል» እየተባለ ለግለሰቡ የሚሰጠው ምክር ይህን ካልተመለከተ ስብከት ብቻ ይሆናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውን የኮሪደር ልማት ስንመረምርም ይኸው ጥያቄ ይመጣል። በአንድ በኩል ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በሌላ በኩል በዚሁ ሥራ ምክንያት ከመሀል ከተማ ለተነሡት ነዋሪዎች ቤት የተሰጠው በአብዛኛው በከተማው ዳር ነው። ቀድሞ ከቤቱ ወደ ሥራው በእግሩ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ሁለት መኪና ይለዋውጣል። ያማረው የእግረኛ መንገድ ከበሩ ሥር ሲደርስ እግረኛው ራሱ ከዚያ ሄዷል ማለት ነው። ከተማው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ እንዳይነሣ፣ የጭሱ ሒሳብ ከቤቱ አሠፋፈር ጋር አብሮ ሊታይ ይገባል።

ሠ. የተረሳው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ

ስለ ኤሌክትሪክ መጓጓዣ ሲነገር ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስላል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ኃይል ሕዝብ ማመላለስ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሀያ ሁለትና በኡራኤል አልፎ በስታዲየምና በሜክሲኮ በኩል እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። ለሁለቱም መስመሮች የወጣው ገንዘብ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ባቡሮቹ 41 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ግን ከእነዚህ የሚበልጡት በመለዋወጫ እጦት ምክንያት ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። ጭስ የሌለው፣ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ሰው የሚጭን፣ በምሥራቁ ክፍል እምብርት የሚያልፍ ተሽከርካሪ በእጃችን እያለ፣ ለብሎንና ለጎማ ያህል ጥቃቅን ለሚመስሉ ዕቃዎች ምንዛሪ ማግኘት ከባድ ሆነ። ተስፋችንን ግን በሺህ የሚቈጠሩ የግል አውቶሞቢሎችን በምንዛሪ በማስገባት ላይ ጣልነው። ይህን ቅደም ተከተል መንቀፍ የኤሌክትሪክ ጠላት መሆን አይደለም፤ ለቆመው ባቡር መለዋወጫ መግዛት አዲስ አውቶሞቢል ከማስገባት ይቀድማል ማለት ነው።

ባቡሩ ራሱም ከነቀፌታ አያመልጥም። ሐዲዱ በመንገዱ መካከል ታጥሮ ስለ ተሠራ በሁለት ወገን የሚኖሩትን ሰዎች ለይቷቸዋል፤ ከፊት ለፊቱ ወዳለው ሱቅ ለመሻገር ሩቅ የሚዞር እግረኛ ብዙ ነው። ከዚህ ቀደም በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቀለበት መንገዱ ሲሠራም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ለእግረኛው ከፍ ያለ ድልድይ ተሠራለት፤ ነገር ግን ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ሸክም የያዘውም ሰው ደረጃውን መውጣት እየከበዳቸው ከሥሩ በመኪናዎቹ መካከል ይሻገሩ ነበር። መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ሰውየው ሽቅብና ቁልቁል ተደረገ። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ እግረኞች መሆናቸው ከዚህ አሠራር ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ረ. ስለ እግረኛው፤ ተቃውሞዎችና መልሳቸው

የከተማው አስተዳደር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2019 እስከ 2028 ያወጣው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ እንደሚያመለክተው፣ በአዲስ አበባ ከሚደረገው የዕለት ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ ሲሶ ያህሉ በሕዝብ ማመላለሻ ሲሆን የግል አውቶሞቢል ድርሻ ከሁሉም ያነሰ ነው። እንግዲህ የአውሮፓ ከተሞች በብዙ ወጪ ሊደርሱበት የሚደክሙበት ልማድ በእኛ ዘንድ አስቀድሞ አለ። ይህን ስናገር ግን ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ።

አንደኛው «አገሩ ከፍተኛና ወጣ ገባ ነው፤ ክረምቱም ከባድ ነው፤ በእግርና በብስክሌት መሄድ አይመችም» የሚል ነው። ይሁን እንጂ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ላይ ስትገኝ ከአዲስ አበባ ትበልጣለች። እርሷ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1974 ጀምሮ በእሑድ ቀን መንገዶቿን ለእግረኛና ለብስክሌት ስትከፍት ቆይታ፣ በ2000 ደግሞ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ሠርታ ብዙ ሕዝብ ማመላለስ ጀምራለች። የእኛም ከተማ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ መንገዶችን ለአንድ ቀን ከመኪና ነጻ ማድረግ ጀምራ ነበር። መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን የበዓል ቀን ጉዳይ እንጂ የሥራ ቀን ልማድ አልሆነም። ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና እስከ ጎሮ ያለው ምድር ከእንጦጦ ሥር ካለው ይልቅ ሜዳ ስለ ሆነ ለብስክሌት የተመቸ ነው፤ ባሕር ዳር ብስክሌትን የዘወትር መጓጓዣ ለማድረግ ከውጭ አገር ትምህርት አልጠበቀችም። የጎደለው ዳገት የሌለበት ምድር ሳይሆን ብስክሌቱን ያለ ሥጋት አቁመው የሚገቡበት ሥፍራ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ብርቱ ነው። «ሕዝቡ በእግሩ የሚሄደው ስለ አየር አስቦ አይደለም፤ የታክሲ ገንዘብ ስለሌለው ነው፤ ድህነትን እንደ በጎ ምግባር ማመስገን በድኻው ላይ መቀለድ ነው» ይላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ የተቃዋሚው ሳይሆን የእኛው ነው። እግረኛው የሚሄደው በግድ ከሆነ፣ አቧራና ጭቃ እየረገጠ፣ የተከፈተ የፍሳሽ ጉድጓድ እየዘለለ፣ ሴቶቹም ሲመሽ መብራት በሌለበት መንገድ እየፈሩ ከሆነ፣ ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ቀን መራመዱን ይተዋል። ዛሬ አየራችንን የሚጠብቀው የሕዝቡ ማጣት ነው፤ ማጣት ደግሞ ሊጠፋ የሚገባው፣ በእግዚአብሔር ፈቃድም የሚጠፋ ነገር ነው። ያን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሆነው እግረኛ ሁሉ ወደ አውቶሞቢል ቢዞር፣ ሞተሩ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ ከተማው አይችለውም። ስለዚህ የነገው አየር የሚወሰነው ባለአውቶሞቢሉ ምን ዓይነት መኪና በመግዛቱ ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም የዛሬው እግረኛና የአውቶቡስ ተሳፋሪ ገንዘብ ሲያገኝ እንደ ዛሬው ሊሄድ በመፍቀዱ ወይም ባለመፍቀዱ ነው። የሚፈቅደውም ሲሄድ ክብሩ ካልተነካ፣ ሲሳፈርም ሰዓቱ ካልባከነ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው የሚከተሉትን ነጥቦች ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የመንገድ ሥራ መለኪያ በሰዓት ያለፈው መኪና ብዛት ሳይሆን ያለፈው ሰው ብዛት ይሁን። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሞተርና የሚጠይቀው ምንዛሪ በመጀመሪያ ለአውቶቡሱ፣ ለሚኒባሱና ለቆመው ባቡር ይዋል። ሦስተኛ፣ የእግረኛው መንገድ ዋጋ በአደባባዩ ማማር ሳይሆን ከሠፈሩ በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሳይቋረጥ በመድረሱ ይመዘን፤ አያትና አራብሳም እንደ ቦሌ ይታዩ። አራተኛ፣ ቤት በሚሠራበት ሥፍራ ሁሉ ሥራ፣ ገበያና ትምህርት ቤት አብረው ይታሰቡ፤ ምክንያቱም ከጭስ ሁሉ የሚሻለው ሳያስፈልግ የቀረው ጉዞ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎችም የሚሆን ሥራ አለ። በመገናኛ፣ በቦሌና በሲኤምሲ በጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ቆመን የሚያልፉትን መኪኖች ሳይሆን በውስጣቸው ያሉትንና በእግራቸው የሚያልፉትን ሰዎች ብንቈጥር፣ ለዚህ መጽሔት የሚበቃ፣ ለከተማው መሐንዲሶችም የሚጠቅም ጥናት ይወጣዋል። ለዚህም ከእርሳስና ከወረቀት በቀር የሚያስፈልግ መሣሪያ የለም። የመጀመሪያ ደመወዛችንን በምን እንደምናውልም የምንመክረው ይህን ቈጥረን ካየን በኋላ ቢሆን ይሻላል። መምህራንና ተማሪ ጓደኞቻችንም በዚህ ሒስ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ በሚቀጥለው እትም እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።